የዲማፑር ድንጋዮች

በሰሜን ምሥራቅ ህንድ፣ በናጋላንድ ግዛት በምትገኘው በዲማፑር ከተማ ውስጥ፣ በረድፍ የቆሙ ጥርብ ድንጋዮች አሉ። አናታቸው እንደ እንጉዳይ ክብ ነው፤ ረጅሙ ወደ 5 ሜትር ይጠጋል። የአካባቢው ተረት የማሃባራታው ጀግና ቢማ ከልጁ ጋር የተጫወተባቸው የሰንጠረዥ ጠጠሮች ናቸው ይላል። ፎቶግራፋቸውን ሳይ ተረቱን ለመውቀስ ልቤ አልፈቀደም።

ያቆሟቸው ከካቻሪ ሕዝቦች አንዱ የሆኑት ዲማሳዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1536 አሆሞች ከተማይቱን ሲይዙ ቤተ መንግሥቱ ወደ ማይባንግ ተሰደደ፤ የጡብ በሩና ድንጋዮቹ ቀሩ። በድንጋዮቹ ላይ ጣዎስ፣ ዝሆን፣ አጋዘንና አበባ ተቀርጿል። የድል ሐውልት ናቸው ያለም፣ መቃብር ናቸው ያለም አለ።

እኔን የሳቡኝ ግን ክቦቹ ሳይሆኑ እንደ ባላ ለሁለት የተከፈሉት ናቸው። እንግሊዛዊው ሹምና የሕዝቦች ባህል አጥኚ ጄ. ኤች. ሃተን እ.ኤ.አ. በ1922 ባሳተመው ጽሑፍ ፍቺውን የፈለገው ከጎረቤት፣ ከናጋዎች ሥርዓት ነው። በዚያ ባለጸጋ ሰው ጎተራውን ከፍቶ፣ ሚቱን የሚባለውን የአገሩን ከብት ከእንጨት ባላ ላይ አስሮ አርዶ መንደሩን ያበላል። በለውጡ ልዩ ልብስ የመልበስ፣ ቤቱን በቀንድ የማስጌጥ፣ ድንጋይ የማቆም ማዕረግ ያገኛል። ድንጋዩን የሚጎትቱት የመንደሩ ሰዎች ናቸው። እህሉ ያልቃል፣ ስሙ ይቆማል።

ሃተን ክቡን ድንጋይ ወንድ፣ ባላውን ሴት ብሎ የመራባት ምልክት አደረጋቸው። (የቆመ ድንጋይ ባየ ቁጥር ወደዚያው የሚሮጥ ብዕር መብዛቱን አንባቢም ሳይታዘብ አይቀርም።) ቢሆንም ነገሩ ከድግሱ አይነጠልም፤ የደጋሹ በረከት ወደ እርሻውና ወደ ከብቱ እንዲተላለፍ ይታመን ነበርና።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። በናጋ መንደር ድንጋይ የሚያቆመው ያበላ ሰው ነው። በዲማፑር ግን ድንጋዮቹ የቆሙት በንጉሡ ቅጥር ውስጥ ነው። ንጉሡ የመንደሩን ማዕረግ ለራሱ ጠቅልሎት ይሆን? ለእኔ እንደዚያ ይመስለኛል፤ ረድፎቹም የተከታታይ ድግስ ቆጠራ ይመስሉኛል።

የዲማሳ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1832 በእንግሊዞች ተጠቃለለ፤ ዛሬ አብዛኞቹ ዲማሳዎች የሚኖሩት በአሳም ነው። ናጋዎችም በ20ኛው ክፍለ ዘመን በብዛት ክርስትናን ሲቀበሉ ያ ድግስ እየቀረ ሄደ። ሃተን ባላውን ከባላ ያስተያየው ከብቱ ገና በሚታሰርበት ዘመን ነበር።