ቪትስ፦ ያረጀ መኪና እንዴት የቁጠባ ደብተር ሆነ?

መኪና ሲያረጅ ይረክሳል። በየትኛውም አገር ሕጉ ይኸው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ሃያ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ቪትስ ገዝቶ፣ አራት አምስት ዓመት ነድቶ፣ ከገዛበት አብልጦ የሸጠ ሰው ሞልቷል። ከመልመዳችን የተነሳ «ቪትስ አይወድቅም» ብለን እናልፈዋለን። ለምን እንደማይወድቅ፣ ሒሳቡንስ ማን እየከፈለ እንደሆነ ብዙም አንጠይቅም።

የከተማችን የትንሽ መኪና ታሪክ ከቪትስ አይጀምርም። ከሱ በፊት ሰይቼንቶ ነበረ፤ ፊያት 600። እ.ኤ.አ. በ1955 ጣሊያን ውስጥ ሲወጣ 633 ሲሲ ሞተሩን ከኋላ የተሸከመ የድሃ ቤተሰብ መኪና ነበር፤ እኛ ዘንድ ሰማያዊና ነጭ ተቀብቶ ታክሲ ሆነ። ቮልስም ነበረ፤ ሞተሩ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የማያውቅ። በደርግ ዘመን ላዳ መጣ፤ እሱም ቢሆን በሶቪየት ፋብሪካ የተሠራ የፊያት 124 ልጅ ነው። ጋራዥ ገብታችሁ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቴስታታ ሲባል የምትሰሙት ከዚያ የጣሊያን ዘመን የተረፈ ቋንቋ ነው። እነዚህ መኪናዎች አንድ የጋራ ጠባይ ነበራቸው፦ በአንድ ሳጥን መፍቻ ይፈታሉ፣ በዓይንና በጆሮ ይመረመራሉ።

ቪትስ ከሌላ ዓለም የመጣ ነው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1999 አወጣው፤ ቅርጹን የሣለው ግሪካዊው ሶቲሪስ ኮቮስ ሲሆን፣ አውሮፓ ውስጥ ያሪስ ተብሎ የ2000 የዓመቱ መኪና ተብሏል። ጃፓን ውስጥ የግል መኪና ከተገዛ በሦስት ዓመቱ፣ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ «ሻከን» የሚሉትን ውድ ምርመራ ማለፍ አለበት። እያረጀ ሲሄድ ለምርመራው የሚወጣው ወጪ ከመኪናው ዋጋ ጋር ይፎካከራል። ስለዚህ ባለቤቱ ገና የሚሠራ መኪና በርካሽ ይለቃል፤ መኪናውም መርከብ ላይ ይወጣል።

ለምን ወደ እኛ ጎረፈ? መልሱ ከመኪናው ይልቅ በግብር ሠንጠረዡ ላይ ይገኛል። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307/1995 እስከ 1,300 ሲሲ ላለ የቤት መኪና 30 በመቶ፣ እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው 100 በመቶ ደነገገ። በዚህ ላይ 35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በኋላ የመጣው 10 በመቶ ሱር ታክስ አንዱ በአንዱ ላይ ይነባበራሉ። አስሉት፦ ወደብ ላይ 100 ብር የተገመተ ትንሽ መኪና 222 ብር ገደማ ይሆናል፤ መካከለኛው 273፣ ትልቁ 342። ከቪትስ ሞተሮች መካከል 997 ሲሲና 1,298 ሲሲ ያላቸው ይገኛሉ። ሁለተኛው ከመስመሩ ያመለጠው በ2 ሲሲ ነው! ያረጀው ደግሞ የእርጅና ቅናሽ ስለሚታሰብለት ግምቱም ቀረጡም ያንሳል። እንግዲህ መንግሥት ራሱ «ትንሽና አሮጌ አምጡ» ያለ ያህል ነበር፤ ሕዝቡም ታዘዘ።

መሪውን በተመለከተ፣ ኢትዮጵያ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ የምትነዳ አገር ናት፤ የጃፓን መኪና መሪው በቀኝ ነው። ስለዚህ አንዱ ቪትስ ከአውሮፓ መጣ፣ ሌላው ዱባይ ላይ መሪው ተቀይሮ። መሪ የተቀየረበት መኪና ዳሽቦርዱ ተቆርጦ የተገጠመ ስለሆነ ይንኳኳል፤ አንዳንዱ ላይ የዝናብ መጥረጊያው አሁንም ለቀኝ ሹፌር ይጠርጋል፣ የእናንተን ጥግ ትቶ።

አሁን ወደ ሞተሩ። ቪትስ ጠንካራ መኪና ነው፤ የሚጎዳው በአያያዝ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ 70 የፈረስ ጉልበት ያለው የአንድ ሺህ ሲሲ ሞተር ቢያንስ አምስት እጅ አንዱን ጉልበት ገና ሳይነሳ ያጣል። አምስት ሰው ጭኖ ዳገት ሲወጣ ሹፌሩ ነዳጅ ይረግጣል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ዘይቱ ቶሎ ይደክማል። ዘይት በጊዜው ካልተቀየረ የፒስተኑ ፋሻ በጥቀርሻ ይያዛል፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ዘይት መብላት ይጀምራል፣ ጠዋት ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ይተፋል። «ቪትስ ሰንሰለት ነው፣ እንደ ቺንጋ አይቀየርም» የሚለው ወሬ እውነት ቢሆንም ግማሽ እውነት ነው፤ ሰንሰለቱም ያለ ንጹሕ ዘይት ይለጠጣል።

ሁለተኛው በሽታ ውሃ ነው። ራዲያተር ውስጥ በማቀዝቀዣ ፈሳሽ ፋንታ የቧንቧ ውሃ መሙላት የላዳ ዘመን ጀብዱ ይመስለኛል። ውስጡን ዝገት ይበላዋል፣ የውሃ ፓምፑ ያፈሳል፣ ሞተሩ ይግላል፣ መጨረሻው ቴስታታ ማውረድ ነው። የጥቂት ሊትር ፈሳሽ ቁጠባ ሞተር ያስወርዳል። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የተመረተው ሁለተኛው ትውልድ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሲቪቲ የሚባል ማርሽ የሌለው ካምቢዮ አለው። የራሱ ልዩ ዘይት አለው፤ ተራ የካምቢዮ ዘይት የሞላበት መካኒክ ገደለው ማለት ነው። ከታች ያለው ቡሽና ኩሽኔታማ የኮብልስቶን ቀለብ ነው።

በ2012 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1186 መጣና ነገሩን ገለበጠው። ለአዲስ ትንሽ መኪና ኤክሳይዙ 5 በመቶ ወረደ፤ ያረጀው ግን እንደ ዕድሜው ከዋጋው በላይ እንዲከፍል ተደረገ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ አየሩ ይጥራ፣ አደጋው ይቀንስ። ነገር ግን አዲሱን የሚያስገባ የውጭ ምንዛሪ አልነበረም። አሮጌው መግባቱን ሲያቆም፣ ቀድሞ የገባው አሮጌ ወርቅ ሆነ። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት መከልከሉ ተነገረ፤ በሐምሌ ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀና ሳምንታት ሳይቆይ ዶላሩ ከ57 ብር ተነስቶ 100 ብርን ተሻገረ። የቪትስ ዋጋ ሚሊዮን ካለፈ ቆየ። በእኔ እምነት ይህ ጭማሪ ትርፍ አይደለም። ሻጩ በዚያው ብር ሌላ ቪትስ እንጂ የተሻለ መኪና አይገዛበትም።

ወጪው ግን እውነተኛ ነው። በቀን 30 ኪሎ ሜትር ብትነዱና በከተማ መጨናነቅ ሊትሩ 12 ኪሎ ሜትር ቢያስኬድ፣ በቀን 2.5 ሊትር ነው። ቤንዚን በ2017 ዓ.ም. ከ100 ብር ስላለፈ በ26 ቀን ከ6,500 ብር በላይ ይሄዳል። ቦሎ፣ ሦስተኛ ወገን መድን፣ ጎማ፣ ከሶማሌ ተራ የሚመጣው መለዋወጫ ሁሉ በዚህ ላይ ነው፤ መለዋወጫው ደግሞ በአዲሱ ምንዛሪ የሚገባ ነው። በመተግበሪያ ተሳፋሪ የሚጭነው ወጣት በቀን 100 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ ዘይቱን በየ5,000 ኪሎ ሜትር ቢቀይር ሁለት ወር አይሞላውም። ያንን ዘይት በገቢው ላይ ያላሰበ ሰው የሚበላው መኪናውን ነው። የሚነዳው ደግሞ ብዙ ጊዜ የቤተሰቡን ሙሉ ቁጠባ ነው።

ልትገዙ ከሆነ በጠዋት ሂዱ። ቦኔቱን ክፈቱና የራዲያተሩን ውሃ ቀለም እዩ፣ የዘይቱን መለኪያ መዝዙ፣ ሲነሳ ከኋላ ሆናችሁ ጭሱን ተመልከቱ፣ ከዚያ የሽሮ ሜዳን ዳገት አስወጡት። ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቃችሁ፣ ሌላ ቀን ሳይነሳ እንደምትመጡ ንገሩት።