ቤት ስንገዛ መሬቱንም እንገዛለን?

ከተማ ውስጥ ቤት የገዛ «መሬቱም የኔ ነው» ሲል እንሰማለን። ስህተት ነው።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም አባቶቻችን አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ወጥተው ካነሷቸው 13 ጥያቄዎች አንዱ ሙስሊሙ የመሬት ባለቤት ይሁን የሚል ነበር። ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታ በሙሉ የመንግሥት ሆነ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ቀረለት፤ ትርፉ ተወረሰ። (ዛሬ «የቀበሌ ቤት» የምንለው ከዚያ የመጣ ነው።)

ደርግ ወደቀ፤ መሬቱ ግን ለግለሰብ አልተመለሰም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት እንዳይሸጥ ከልክሏል። የምንገዛው ቤቱን ነው፤ ከቦታው የምናገኘው የመጠቀም መብት ብቻ። ሊዝ ከሆነ ለመኖሪያ 99 ዓመት ነው፤ የሚቆጠረውም እኛ ከገዛንበት ቀን አይደለም። ሻጩ «ካርታ አለኝ» ሲላችሁ ነባር ይዞታ ነው ወይስ ሊዝ፣ ስንት ዓመት ቀረው፣ ያልተከፈለ የሊዝ ክፍያስ አለበት ወይ ብላችሁ ጠይቁ።