በሐፍሷ ቤት የተቀመጠው አደራ

 

በየቤታችን አንድ የብረት ሳጥን ወይም አንድ አሮጌ ቦርሳ አይጠፋም። የኒካሕ ወረቀት፣ የቤት ካርታ፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ የአባት የሐጅ ፎቶግራፍ፣ ከዐረብ አገር የተላከ ደብዳቤ ሁሉ በዚያ ውስጥ ነው። ዛሬ ደግሞ ከሳጥኑ የሚበልጠው በእጅ ስልክ ውስጥ ገብቷል። ሳጥኑም አንድ፣ ስልኩም አንድ! ቤት ቢቃጠል፣ ስልክ ቢሰረቅ ምን ይቀራል? ጥያቄው አዲስ ይመስለናል እንጂ ቀደምቶቻችን ከፎቶግራፍና ከካርታ እጅግ በሚበልጥ ነገር ተጠይቀውበታል። የሰጡት መልስም በታሪክ ተመዝግቦ ይገኛል።

በ12ኛው ዓመተ ሂጅራ ገደማ (እ.ኤ.አ. 633) ነቢይ ነኝ ባዩን ሙሰይሊማን ለመዋጋት በየማማ ታላቅ ጦርነት ተካሄደ። ድሉ የሙስሊሞች ቢሆንም ቁርኣንን በልባቸው የያዙ ብዙ ሶሓባዎች ወደቁ። በዚያን ጊዜ ቁርኣን አልተጻፈም ነበር ማለት አይደለም፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጸሐፊዎች ነበሯቸው። ይሁን እንጂ ጽሑፉ በአንድነት አልተሰበሰበም። በዘንባባ ዝንጣፊ፣ በስስ ነጭ ድንጋይና በቆዳ ላይ ሆኖ በየሰዉ እጅ ነበር። ዑመር (ረ.ዐ) ሌላ ጦርነት መጥቶ ሌሎች ሐፊዞች ቢያልቁስ ብለው ሰጉ፤ ወደ አቡበክር (ረ.ዐ) ሄደውም እንዲሰበሰብ መከሩ። አቡበክር ነቢዩ ያላደረጉትን እንዴት አደርጋለሁ ብለው መጀመሪያ አመነቱ። ዑመር ደጋግመው ካስረዷቸው በኋላ ግን ልባቸው ተቀበለው፤ ወጣቱን የወሕይ ጸሐፊ ዘይድ ኢብን ሣቢትንም (ረ.ዐ) አስጠሩ። ዘይድ ተራራ ከቦታው እንዲያነሱ ቢታዘዙ ከዚህ ሥራ ይቀልላቸው እንደነበር መናገራቸውን ቡኻሪ ዘግበዋል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ! ዘይድ ራሳቸው ቁርኣንን የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ቁጭ ብለው ከቃላቸው ቢጽፉት ማን ይከለክላቸው ነበር? እርሳቸው ግን የተጻፈውን ከያለበት ፈለጉ፤ በሰዎች ልብ ካለው ጋርም አስተያዩት። ጽሑፍ ብቻውን፣ ትውስታም ብቻውን አላረካቸውም።

የተሰበሰቡት ሱሑፎች በአቡበክር ዘንድ ተቀመጡ፤ እርሳቸው ሲሞቱ በዑመር ዘንድ፤ ዑመር ሲገደሉ ደግሞ በልጃቸው በሐፍሷ (ረ.ዐ) ዘንድ። ይህ የመጨረሻው ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። በይተል ማል ነበር፤ ጠባቂ ያለው ግምጃ ቤት ነበር። የሙስሊሞች ትልቁ አደራ የተቀመጠው ግን በአንዲት ሴት ቤት ነው። ሐፍሷ የነቢዩ ባለቤት ናቸው። ማንበብና መጻፍ በማይበዛበት ዘመን ጽሕፈትን ከሺፋእ ቢንት ዐብዲላህ የተማሩ ነበሩ። ማለትም በእጃቸው ያለው ምን እንደሆነ የሚያውቁ፣ የሚያነቡትና ማን እንደጠየቃቸው የሚያስተውሉ ሰው ነበሩ። ለአደራ የተመረጠው ጠንካራ በር ሳይሆን ዐዋቂ ጠባቂ ነው።

ዓመታት አለፉ። በዑሥማን (ረ.ዐ) ዘመን፣ እ.ኤ.አ. 650 አካባቢ፣ ሑዘይፋ ኢብኑል የማን ከአርመንያና ከአዘርባጃን ዘመቻ ሲመለሱ የሻምና የዒራቅ ሰዎች በአቀራር ሲለያዩ አይተው ደንግጠው መጡ። ዑሥማን ወደ ሐፍሷ ልከው ሱሑፎቹን ተዋሱ። ዘይድ ከሦስት የቁረይሽ ሰዎች ጋር ሆነው ከዚያ ገለበጡ። ከዚያም ሱሑፎቹ ለባለ አደራዋ ተመለሱላቸው። ቅጂዎቹ ወደ ኩፋ፣ ወደ በስራ፣ ወደ ሻም ተላኩ፤ በመዲናም ቀረ። የቅጂዎቹን ቁጥር አራትም አምስትም ሰባትም ያሉ ዑለማዎች አሉ። ከየሙስሐፉም ጋር የሚያስቀራ ሰው አብሮ መሄዱን ጽፈዋል።

ሐፍሷ ከሞቱ በኋላ የመዲናው ገዥ መርዋን ኢብኑል ሐከም እነዚያን የመጀመሪያ ሱሑፎች ወስዶ አጠፋቸው። ከቁርኣን የጎደለ ነገር ነበርን? አንዲት ፊደል አልጎደለችም። ያ ሁሉ ትጋት ያተረፈው ይህንን ነው። የመጀመሪያው ጽሑፍ ሲጠፋ እንኳ ሙስሐፉ በአራቱም ማዕዘን፣ በሚያውቁት ሰዎች ዘንድ ነበር።

ያልተገለበጠ ነገር መጨረሻውስ? የግብጹን ቃዲ ዐብዱላህ ኢብን ለሂዓህን እናንሳ። ሐዲሥ በማሰባሰብ የታወቁ ሰው ነበሩ፤ በ174 ዓመተ ሂጅራ ሞቱ። ከመሞታቸው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ቤታቸው ተቃጥሎ መጻሕፍታቸው እንደጠፉ የሐዲሥ ሊቃውንት ዘግበዋል። ከዚያ በኋላ ከቃላቸው ሲያወሩ ይምታታባቸው ጀመር። በመሆኑም ብዙዎቹ ሊቃውንት የእርሳቸውን ዘገባ ለሁለት ከፈሉት። እንደ ኢብኑል ሙባረክና ኢብን ወህብ ያሉ ቀደም ሲል የሰሙት የዘገቡት የተሻለ ሲሆን፣ የኋለኛው ደካማ ተባለ። አንድ እሳት የአንድን ዓሊም ስም እስከ ዛሬ ለሁለት ከፍሎ አስቀርቷል! የሚገርመው፣ የተረፈላቸውም ተማሪዎቻቸው ወስደው በየአገሩ የያዙት መሆኑ ነው።

የመዲናው ዑርዋ ኢብኑ ዙበይር ደግሞ በ63 ዓመተ ሂጅራ በሐርራ ጦርነት ቀን የፊቅህ መጻሕፍታቸውን ራሳቸው አቃጠሉ፤ በኋላም ቤተሰብና ሀብት ከማጣት እኩል እስኪሆንባቸው ድረስ ተጸጸቱ። ልጃቸውን ሂሻምን ጽፈሃል ወይ ብለው ከጠየቁት በኋላ አስተያይተሃል ወይ ያሉትም እኚሁ ዑርዋ ናቸው። ልጁ አላስተያየሁም ሲል እንግዲያው አልጻፍክም አሉት። ይህ ማስተያየት ሙቃበላ ይባላል፤ በመድረሳ የተማርን ሁሉ ኪታብ ገልብጠን በሸይኹ ፊት ስናነብ የምናውቀው ነው።

ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1992 ሰራየቮ ከተማ ስትደበደብ የምሥራቅ ጥናት ተቋሙ በአንድ ቀን ነደደ። ከ5,000 በላይ የዐረብኛ፣ የቱርክኛ፣ የፋርስኛና የቦስንያ የእጅ ጽሑፎች ዐመድ ሆኑ። በዚያው ከተማ ያለው፣ በ1537 የተመሠረተው የጋዚ ሑስረው በይ ቤተ መጻሕፍት ግን ተረፈ። ሠራተኞቹ መጻሕፍቱን በጥይት መካከል ከሥፍራ ወደ ሥፍራ እያዘዋወሩ አዳኗቸው። ከጦርነቱ ወዲህ የተቃጠሉትን ለመተካት የተነሡ ሰዎች ወደ ማን ሄዱ? ቀደም ሲል ለጥናት መጥተው ፎቶ ኮፒ አድርገው ወደ አገራቸው ወደ ተመለሱ የውጭ ተመራማሪዎች! በባዕድ መሳቢያ የተረሳ ቅጂ ለባለቤቱ ተመለሰ። በቲምቡክቱም እ.ኤ.አ. በ2012 ታጣቂዎች ከተማዋን ሲይዙ ዐብዱልቃድር ሐይዳራና ባልደረቦቹ ኪታቦቹን በብረት ሳጥን እያደረጉ፣ በመኪናና በጀልባ ወደ ባማኮ አሸሹ። በአሕመድ ባባ ተቋም የቀሩት ጥቂት ሺዎች በጥር 2013 ተቃጠሉ። በአገራችንም የሐረሩ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ ከየቤቱ ሊጠፉ የነበሩ የእጅ ጽሑፎችንና የድምፅ ካሴቶችን በራሳቸው ቤት ሲያሰባስቡ ኖረው ለሙዚየም አብቅተዋል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ወደ ቤታችን ሳጥን ስናመጣው ምን እናገኛለን? (ስለ ፎቶግራፍ ብይን ዑለማዎች የተለያየ አቋም አላቸው፤ እዚህ አልገባበትም።)

ዛሬ ሰዎች ፍላሽ ይሻላል፣ ሃርድ ዲስክ ይሻላል፣ ክላውድ ይሻላል እያሉ ይከራከራሉ። ሁሉም ሳጥን ነው፤ ብቻውን የሚታመን የለም። ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ ዕቃ ለማመላለስ እንጂ ለዓመታት ለማስቀመጥ አልተሠሩም። ሃርድ ዲስክ ብዙ ይይዛል፤ ከወደቀ ግን አለቀ። በኢንተርኔት ማስቀመጥ ቤት ቢቃጠል እንኳ ያተርፋል፤ ሆኖም በሰኔ 2012 በመላ አገራችን ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲቋረጥ ወረቀቱ የሚያስፈልገው ሰው በምን ሊደርስበት ይችል ነበር? ጉግል በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋ ባይት ነው፤ ሁለት ዓመት ያልተከፈተ አካውንትንም ሊሰርዝ እንደሚችል አስታውቋል። በተጨማሪም ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። ስልኩና ክላውዱ ተያይዘው ሲሠሩ ሕፃን ልጅ ከስልኩ ላይ የደመሰሰው ፎቶ ከዚያኛውም ይደመሰሳል። ይህ ሁለተኛ ቅጂ ሳይሆን የአንዱ ነገር ጥላ ነው። በቴሌግራም ወይም በዋትሳፕ ፎቶ መላክም እንደ ፋይል ካልላኩት ምስሉን ያሳንሰዋል።

ስለዚህ እንደ ዑሥማን ሙስሐፎች ይበተን። አንዱ በቤት በሃርድ ዲስክ፣ አንዱ በክላውድ፣ አንዱ በሌላ ከተማ በሚኖር ዘመድ ዘንድ ይሁን። ደሴ ያለ ሰው አዲስ አበባ ካለች እህቱ ዘንድ፣ ጅዳ ያለችም ጅማ ካሉት እናቷ ዘንድ ታስቀምጥ። በ2006 ከሳዑዲ ከ150 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ሲመለሱ ስንቱ በእጁ የያዘውን ብቻ ይዞ እንደመጣ የምናስታውሰው ነው። ዋና ዋና ሰነዶች በወረቀትም ይባዙ። የካርታ ፎቶ ካርታውን አይተካም፤ ቁጥሩና ቀኑ በእጅ ካለ ግን ምትክ ለመጠየቅ መነሻ ይሆናል። ነጋዴዎችም የዕዳ መዝገባችሁን አትርሱ። በሱረቱል በቀራህ ያለው የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ ዕዳ እንዲጻፍና እንዲመሰከርበት የሚያዝ ነው። በጥቅምት 2017 መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል ደብተሩ በሱቁ ውስጥ ብቻ የነበረ ሰው ምስክሩም አብሮ ተቃጠለበት ማለት ነው።

ቅጂው ከተሠራ በኋላ ይከፈት፤ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለምሳሌ ረመዷን ሲቃረብ፣ ከዋናው ጋር ይተያይ። የማይከፈት ፋይል ይዞ አስቀምጫለሁ ማለት የሂሻም መልስ ነው። በፎቶው ላይ ያሉትም ሰዎች ስማቸው፣ ዓመቱና ቦታው ይጻፍ። ከሙስሐፉ ጋር የሚያስቀራ ሰው የተላከው በከንቱ አልነበረም። አያት በሕይወት ሳሉ ጠይቃችሁ ካልጻፋችሁ፣ የሰርጉ ሚዜዎች እነማን እንደነበሩ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚነግራችሁ ሃርድ ዲስክ የለም።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ ላሳስብ። የቤተሰብ ፎቶ ዐውራም አለበት። እናቶችና እህቶች በቤት ውስጥ፣ በሰርግ ቀን ሒጃባቸውን አውልቀው የተነሡት ምስል ከጠፋበት ቀን ይልቅ በማይገባው እጅ የገባበት ቀን ይከፋል። ፍላሹን ለማሳጠብ ፎቶ ቤት ስትወስዱ ሁሉንም አታስገልብጡ፤ የሚታጠበውን ብቻ ለይታችሁ ውሰዱ። ስልክ ለጥገና ሲሰጥም ሚሞሪ ካርዱ ይውጣ፤ በስልኩ ውስጥ ያለውም አስቀድሞ ተገልብጦ ይነሣ። ሃርድ ዲስኩ በይለፍ ቃል ይቆለፍ፤ የሴቶቹ ምስል በሴቶቹ እጅ ቢሆን ደግሞ የበለጠ ነው። ጠባቂ ስትመርጡ በኮምፒዩተር የበረታውን ጎረምሳ ብቻ አትፈልጉ። አንብባ የምትረዳ፣ ምስጢር የምትጠብቅና ለማን መስጠት እንዳለባት የምታውቅ እህት በየቤተሰቡ አትጠፋም።

የይለፍ ቃሉን አንድ ሰው ብቻ ካወቀው ግን ከእርሱ ጋር መቃብር ይወርዳል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሚናዘዝበት ነገር ያለው ሙስሊም ኑዛዜው ተጽፎ ሳይቀመጥ ሁለት ሌሊት እንዳያድር አስተምረውናል። በዚያ የኑዛዜ ወረቀት ላይ፣ ከዕዳውና ከአደራው ቀጥሎ፣ ሁለት መስመር ጨምሩ፦ ቅጂዎቹ በማን በማን ዘንድ እንዳሉ፣ ቁልፉንም ማን እንደያዘው።