የሥዕል መስቀያ ከፍታ፤ ክብር፣ ግድግዳና ዓይን

በክፈፍ የገባ ሥዕል ከወለሉ በምን ያህል ከፍታ ይሰቀል? ጥያቄው ቀላል መስሎ ቢታይም፣ መልሱ በአገራችን ከሦስት ነገሮች ጋር የተሳሰረ ሆኖ ይገኛል፤ ይኸውም ከክብር፣ ከግድግዳው አሠራርና ከተመልካቹ ዓይን ጋር ነው።

ቀዳሚውን ስፍራ የያዘው ክብር ነው። በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ሥዕለ ሥላሴ ከስቅለቱ ሥዕል በላይ መሆኑ የማዕረግን ቅደም ተከተል ያመለክታል። ፎቶግራፍ ወደ መሥሪያ ቤት በገባ ጊዜም ይኸው ልማድ ተከተለው። የንጉሠ ነገሥቱ ምስል ከሹሙ ወንበር በላይ ከፍ ብሎ ይሰቀል ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ ምስላቸውም ወረደ፤ ውሎ አድሮም የመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ምስል ተተካ። ባለ ምስሉ ተለወጠ እንጂ ከፍታው አልተለወጠም።

ሁለተኛው ምክንያት ግድግዳው ራሱ ነው። ከጎባ ተነሥቶ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሳነቴን አምባ ተሻግሮ፣ በሐረና ደን በኩል ወደ ደሎ መና የሚወርድ መንገደኛ ከውርጭ ወደ ሙቀት ይሸጋገራል። ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራው ቤት ግን በደጋውም በቆላውም ያጋጥመዋል። ጭቃ ብቻውን ምስማር አይዝም፤ ምስማሩ ቋሚውን ወይም ማገሩን ማግኘት ይኖርበታል። እነዚህ በምርጊት ሲሸፈኑ በቀላሉ የሚገኘው በግድግዳው ራስ ላይ የተጋደመው እንጨት ስለሆነ፣ ሥዕሉ ከዚያ በገመድ ይንጠለጠላል። ገመዱ ከክፈፉ ጀርባ ዝቅ ብሎ ሲታሰር የክፈፉ ራስ ወደ ፊት ያዘነብላል።

ይህ ማዘንበል ለሦስተኛው ጉዳይ፣ ለዓይን፣ ይጠቅማል። የሥዕሉ መካከል በ2.2 ሜትር፣ የቆመው ሰው ዓይን በ1.5 ሜትር ከፍታ ቢሆን፣ በመካከላቸውም 2 ሜትር ርቀት ቢኖር፣ ክፈፉ 19 ዲግሪ ያህል ሲያዘነብል ሥዕሉ ለተመልካቹ ቀጥ ብሎ ይታያል። የመስተዋቱ ነጸብራቅም ይቀንሳል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት በፓሪስ ዐውደ ርእይ እስከ ጣሪያ የተደረደሩት ሥዕሎች በዚሁ ዘዴ ይሰቀሉ ነበር። ዛሬ በብዙ ሙዚየሞች የሥዕሉ መካከል ከወለሉ 1.5 ሜትር ያህል ከፍ እንዲል ይደረጋል።

ከፍታው ግን ዋጋ ያስከፍላል። ምድጃ ባለበት ቤት ጢሱ ወደ ላይ ስለሚወጣ ከፍ ያለው ፎቶግራፍ ቶሎ ይጠቁራል፤ ገመዱ ሲበሰብስም ወድቆ ይሰበራል። ብዙ ጊዜ ይህ ምስል የሟች አባት ወይም እናት ሲሆን ቅጂ የለውም።

ስለዚህ የሙያ ባልደረቦች የጭቃ ቤት ስናሠራ፣ ከምርጊቱ በፊት ከወለሉ 1.7 ሜትር ላይ አንድ ጠንካራ አግዳሚ ማገር እናስገባ፤ ቦታውንም ለባለቤቱ እናሳይ። የሚጠይቀው አንድ እንጨት ብቻ ነው። ክብሩ ሳይጓደል፣ ልጅ የአባቱን ፊት በዓይኑ ትይዩ ያያል።