ከሕመምተኛው አልጋ እስከ ባለጠጋው ማዕድ፦ የ«አዲስ አስተሳሰብ» እምነት ታሪካዊ ጉዞ

ሐሳብ በሰው ሕይወት ላይ ኃይል እንዳለው የማይቀበል ኅብረተሰብ የለም። ተስፋ የቆረጠ ሕመምተኛ መድኃኒቱ እንኳ እንደማይሠራለት፣ ወኔው የከዳው ሠራዊትም ውጊያው ሳይጀመር እንደሚሸነፍ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። ይሁን እንጂ «ሐሳብ ኃይል አለው» ከሚለው የልምድ ዕውቀት ተነሥቶ «ከሐሳብ በቀር ሌላ ኃይል የለም» ወደሚለው እምነት መሻገር ፍጹም የተለየ ጉዳይ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት በሰሜን አሜሪካ ተጠንስሶ «አዲስ አስተሳሰብ» የሚል ስያሜ ያገኘው እንቅስቃሴ ይህን ድንበር ተሻግሯል። ዛሬ «ቀና አስተሳሰብ»፣ «የስበት ሕግ»፣ «የስኬት ምስጢር» እየተባለ በልዩ ልዩ ቋንቋዎች፣ በአማርኛም ጭምር፣ በሚታተሙ መጻሕፍት የሚሠራጨው ትምህርት ዋነኛ ምንጩ ይኸው እንቅስቃሴ ነው። ነፍስን ለማነጽ የተነሣ ትምህርት ገንዘብን የመመኛ ዘዴ ሆኖ እንዴት እንደ ተለወጠ መመርመር የአንድን አገር የሃይማኖት ታሪክ ከማወቅ ያለፈ ፋይዳ አለው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የትምህርቱ አባት ተብሎ የሚታወቀው ፊኒያስ ፓርክኸርስት ኩዊምቢ በ1802 በኒው ሐምፕሺር ግዛት ተወልዶ በሜይን ግዛት በቤልፋስት ከተማ ያደገ ሰዓት ሠሪ ነበር። የቀለም ትምህርቱ እጅግ አነስተኛ ነበር። በወጣትነቱ በሳንባ ነቀርሳ ተይዟል ተብሎ በሐኪም ትእዛዝ ካሎሜል የተባለውን ሜርኩሪ ያለበት መድኃኒት ቢወስድም ጥርሱ ከመበላሸቱ በቀር ያገኘው ጥቅም አልነበረም። አንድ ቀን ግን በጋሪ ሲጓዝ ፈረሱን በኃይል እየነዳ በመመለሱ የተሰማው ግለት ከሕመሙ እንዳነቃው በኋላ ዘመን ጽፏል።

በ1830ዎቹ ቻርልስ ፖየን የተባለ ፈረንሳዊ ስለ መስመሪዝም፣ ማለትም ሰውን አፍዝዞ በሰመመን ውስጥ ስለማስገባት ጥበብ፣ በኒው ኢንግላንድ ከተሞች እየተዘዋወረ ያስተምር ነበር። ኩዊምቢም ይህን ትምህርት ተከታትሎ ሉሲየስ በርክማር ከተባለ ወጣት ጋር ልምምድ ጀመረ። ወጣቱ በሰመመን ውስጥ ሆኖ የሕመምተኞችን በሽታ ይናገር፣ መድኃኒትም ያዝዝ ነበር። ኩዊምቢ ነገሩን በጥሞና ሲከታተል ውዱን መድኃኒት ለመግዛት ላልቻለው ሰው በምትኩ የታዘዘው ርካሽ ቅመም እኩል እንደሚፈውስ አስተዋለ። ከዚህም በመነሣት ፈዋሹ መድኃኒቱ ሳይሆን የሕመምተኛው እምነት ነው ከሚል መደምደሚያ ላይ ደረሰ። ማፍዘዙንም ትቶ ከ1859 ጀምሮ በፖርትላንድ ከተማ ከሕመምተኞች ጎን ተቀምጦ በመነጋገርና ፍርሃታቸውን በማራቅ መፈወሱን ተያያዘው።

ትምህርቱ ተቀባይነት ያገኘበትን ምክንያት ለመረዳት አያዳግትም። የዘመኑ ሕክምና ደም በማውጣት፣ በሜርኩሪና ሆድን በሚያጥቡ ቅመሞች ላይ የተመሠረተ ስለ ነበረ ከበሽታው ይልቅ መድኃኒቱ የሚጎዳበት ጊዜ ብዙ ነበር። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ለሚገኝ ሰው ቀርቦ የሚያዳምጠውና የሚያጽናናው ማግኘቱ ብቻውን ትልቅ እፎይታ ነበር። ኩዊምቢ በ1866 እስኪሞት ድረስ ቤተ ክርስቲያን አላቋቋመም፤ መጽሐፍም አላሳተመም። የጽሑፎቹ ስብስብ በመጽሐፍ መልክ የወጣው በ1921 ነው። ደቀ መዛሙርቱ ግን ትምህርቱን በየአቅጣጫው አስፋፉት። ዋረን ፌልት ኢቫንስ በ1869 በሐሳብ ስለ መፈወስ መጽሐፍ አሳተመ። በ1862 የኩዊምቢ ታካሚ የነበረችው ሜሪ ቤከር ኤዲ በ1875 የራስዋን ዋና መጽሐፍ ጽፋ በ1879 «ክርስቲያን ሳይንስ» በመባል የሚታወቀውን ቤተ ክርስቲያን መሠረተች።

በዚህ የመጀመሪያ ምዕራፍ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ገንዘብ ዋና ቦታ ያልነበረው መሆኑ ነው። በሜሪ ቤከር ኤዲ ትምህርት ቁስ አካል ራሱ ከሐሰተኛ እይታ የመጣ ጥላ እንጂ እውነተኛ ህልውና ያለው ነገር አልነበረም። ቁስ አካል ጥላ ከሆነ ደግሞ ቁሳዊ ሀብትን መመኘት ጥላን ለመጨበጥ እንደ መሮጥ ይቆጠራል። ከኤዲ ተለይታ በ1880ዎቹ በቺካጎ የማስተማሪያ ተቋም የከፈተችው ኤማ ከርቲስ ሆፕኪንስም ብዙዎቹ ሴቶች የሆኑ ደቀ መዛሙርትን አሠልጥና በየከተማው አሠማርታለች። ሴት በምርጫ ድምፅ በማትሰጥበት፣ በአብዛኞቹ አብያተ ክርስቲያናት በመድረክ ላይ ቆማ በማትሰብክበት አገር ይህ ትምህርት ለብዙ ሴቶች የመምህርነትንና የፈዋሽነትን ሥልጣን አጎናጸፋቸው።

የታሪክ ተመራማሪዋ ቤሪል ሳተር በ1999 ባሳተመችው ጥናት እንዳመለከተችው በእንቅስቃሴው ውስጥ ዋነኛው ክርክር ስለ ምኞት ነበር። አንዱ ወገን የመንፈስ ዕድገት የሚገኘው ምኞትን በመግራት ነው ሲል፣ ሌላው ደግሞ ምኞት የመለኮት ድምፅ ስለ ሆነ ሊታፈን አይገባውም ይል ነበር። ከሁለተኛው ወገን ጎልታ የምትታየው ሔለን ዊልማንስ ናት። በካሊፎርኒያ የገበሬ ሚስት ሆና የድህነትን ኑሮ የቀመሰች፣ በኋላም በጋዜጠኝነት የሠራች ይህች ሴት በ1899 ድህነትን በሐሳብ ስለ ማሸነፍ መጽሐፍ አሳተመች። በፍሎሪዳ ሆና ሕመምተኞችን በደብዳቤ ትፈውስ ስለ ነበር በፖስታ አገልግሎት የማጭበርበር ክስ ተመሥርቶባታል። ባል ሠርቶ ከሚሰጣት በስተቀር የራስዋ ገንዘብ ላልነበራት ሴት ሀብትን የመመኘት መብት የነፃነት ጥያቄ እንደ ነበረ መዘንጋት የለበትም። ሔለን ዊልማንስን ስግብግብ ብሎ ማለፍ ታሪኩን ማዛባት ይሆናል።

ይህ ክርክር በሚካሄድበት ጊዜ የአሜሪካ ኅብረተሰብ በከፍተኛ ለውጥ ውስጥ ነበር። በ1892 በፔንሲልቬንያ በሚገኘው የአንድሩ ካርኔጊ የሆምስቴድ ብረት ፋብሪካ ወዛደሮችና የፒንከርተን ድርጅት ቅጥረኛ ታጣቂዎች ተታኩሰው ከሁለቱም ወገን ሰዎች ሞቱ፤ የሠራተኛው ማኅበርም ተሰበረ። በብረት ፋብሪካዎች የ12 ሰዓት የሥራ ቀን እስከ 1923 ቆየ። በ1893 ደግሞ ባንኮች ተዘግተው ታላቅ የኢኮኖሚ ቀውስ ደረሰ። ከወዛደሩ ከፍ፣ ከከበርቴው ዝቅ ብሎ በመሥሪያ ቤት ጸሐፊነትና በሽያጭ ሠራተኛነት የሚተዳደረው አዲሱ መካከለኛ መደብ በአንድ በኩል ወደ ታች እንዳይወርድ ይፈራ፣ በሌላ በኩል ወደ ላይ ለመውጣት ይጓጓ ነበር። ገበያውን ሊያዝ አይችልም፤ ሐሳቡን ግን ሊያዝ እንደሚችል ሲነገረው በደስታ አዳመጠ። ፈላስፋው ዊሊያም ጄምስ በ1902 በታተመው ስለ ሃይማኖታዊ ልምዶች በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ይህን የሐሳብ ፈውስ በአክብሮት መርምሮታል። በ1897 የታተመው የራልፍ ዋልዶ ትራይን መጽሐፍም የመኪና ፋብሪካው ባለቤት ሔንሪ ፎርድ ከሚያደንቃቸው መጻሕፍት አንዱ ለመሆን በቅቷል።

የዋላስ ዋትልስ ታሪክ በዚህ ሽግግር ውስጥ የተለየ ቦታ አለው። ይህ ሰው በ1908 በኢንዲያና ግዛት በሶሻሊስት ፓርቲ ስም ለአገሪቱ ምክር ቤት ተወዳድሮ ነበር። ባለጠጋ ስለ መሆን የጻፈውን መጽሐፍ በ1910 ያሳተመችለት በማሳቹሴትስ የእንቅስቃሴውን መጽሔት ታዘጋጅ የነበረችው ኤልሳቤጥ ታውን ናት። ዋትልስ ሀብት ከሌላው ነጥቆ በውድድር ሳይሆን አዲስ ነገር በመፍጠር መገኘት አለበት ይል ነበር። ይሁንና በዚያው መጽሐፍ ውስጥ አንባቢው ስለ ድህነት እንዳያነብ፣ እንዳይነጋገር፣ እንዳያስብም አጥብቆ መክሯል። በ1911 ሲሞት ሶሻሊስትነቱ ተረስቶ ምክሩ ብቻውን ቀረ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ መንፈሳዊውን ትምህርት ያጣመሙት ከውጭ የገቡ ነጋዴዎች ናቸውን? ታሪኩ ሲመረመር ለውጡ ከመነሻው በዘሩ ውስጥ እንደ ነበረ ይታያል። የበሽታ ሥር በሕመምተኛው ሐሳብ ውስጥ ነው ሲባል መንስኤው ሁሉ ከአካባቢው፣ ከምግቡ፣ ከሥራው ተነቅሎ በግለሰቡ ውስጥ ተተክሏል። በሽታ ከተሳሳተ ሐሳብ የሚመጣ ከሆነ ድህነትም ከዚያው እንደሚመጣ ለመናገር የሚቀረው አንድ እርምጃ ብቻ ነው። ይህ እርምጃ በአንድ ቤት ውስጥ ሳይቀር ይታያል። ሜርትልና ቻርልስ ፊልሞር የተባሉት ባልና ሚስት በካንሳስ ሲቲ በ1889 «ዩኒቲ» የተባለውን እንቅስቃሴ ሲጀምሩ መነሻቸው ሚስቲቱ ከሳንባ ነቀርሳ መፈወስዋ ነበር። በ1936 ባልየው ያሳተመው መጽሐፍ ግን ስለ ብልጽግና ነው።

በ1929 በጀመረው ታላቅ የኢኮኖሚ ድቀት ወቅት ከአሜሪካ ሠራተኞች አንድ አራተኛ የሚሆኑት እስከ 1933 ሥራ አጥ ሆነው ነበር። የእነዚህ ሰዎች ፋብሪካዎች የተዘጉት ቀና ሐሳብ ስላልነበራቸው እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ናፖሊዮን ሂል አስቦ ስለ መክበር የጻፈውን መጽሐፍ ያወጣው በዚህ ዘመን፣ በ1937 ነው። ምስጢሩን በ1908 ከካርኔጊ አፍ እንደ ሰማ ቢናገርም ከራሱ ቃል በስተቀር ይህን የሚያረጋግጥ ማስረጃ አልተገኘም። በሂል መጽሐፍ ውስጥ ዋናው ቦታ የሕመምተኛው ወይም የፈውስ አይደለም፤ በልብ ሊቀረጽ የሚገባው የገንዘቡ መጠን ነው።

በዚያው ዘመን በኒው ዮርክ በሐርለም ሰፈር የታየው ግን የተለየ ነበር። ፋዘር ዲቫይን በመባል የሚታወቀው ጥቁር አሜሪካዊ ሰባኪ የአዲስ አስተሳሰብን መጻሕፍት ያነብ፣ ለተከታዮቹም ያድል ነበር። ተከታዮቹ ገቢያቸውን በአንድነት አድርገው የምግብ ቤቶች፣ የመኖሪያ ቤቶችና ሱቆች አቋቋሙ። ነጭና ጥቁር ሳይለይ የተራበ ሁሉ በግብዣው ላይ ተቀምጦ ይበላ ነበር። በ1940 ጥቁሮች ያለ ፍርድ በመንጋ መገደላቸውን የሚቃወም ሕግ እንዲወጣ 250,000 ፊርማ አሰባሰቡ። ፋዘር ዲቫይን በተከታዮቹ እንደ አምላክ ይታይ ስለ ነበረና እርሱም በምቾት ይኖር ስለ ነበረ ያለ ትችት ሊታለፍ አይገባም። ሆኖም ይኸው ትምህርት ጎረቤትን በሚያይ ሰው እጅ ሲገባ የጋራ ማዕድ ሊዘረጋ እንደሚችል አሳይቷል። ገበያው ግን ይህን ገጽ ዘሎ የሂልን ገጽ አባዛ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ትምህርቱ ከታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት መድረክ ላይ ወጣ። በኒው ዮርክ የማርብል ኮሌጂየት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ የነበረው ኖርማን ቪንሰንት ፒል በ1952 ያሳተመው ስለ ቀና አስተሳሰብ ኃይል የሚናገረው መጽሐፍ በ«ኒው ዮርክ ታይምስ» ጋዜጣ የተወዳጅ መጻሕፍት ዝርዝር ላይ 186 ሳምንታት ቆየ። በ1969 ሬቨረንድ አይክ በዚያው ከተማ አንድ ግዙፍ የሲኒማ አዳራሽ ገዝቶ ድህነት ጽድቅ አለመሆኑን፣ ገንዘብም በረከት መሆኑን በግልጽ ሰበከ። ከዚያም በ2004 የዋትልስን መጽሐፍ ያነበበችው አውስትራሊያዊት ሮንዳ በርን በ2006 «ምስጢሩ» የተባለውን ፊልምና መጽሐፍ አወጣች፤ መጽሐፉም በብዙ ሚሊዮን ቅጂዎች ተሸጠ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ2008፣ ዕዳቸውን መክፈል ያቃታቸው አሜሪካውያን ቤተ ሰቦች ከየቤታቸው ሲወጡ አደጋው የተነሣው ከባንኮች አሠራር እንጂ ከሐሳባቸው እንዳልሆነ ዓለም ተመለከተ።

የሥነ ልቡና ሳይንስም በጉዳዩ ላይ የሚናገረው አለ። ጀርመናዊቷ ተመራማሪ ጋብሪኤለ ኦቲንገን ከቶማስ ዋደን ጋር በ1991 ባወጡት ጥናት ክብደት ለመቀነስ የሚጥሩ 25 ሴቶችን ለአንድ ዓመት ተከታትለዋል። እንደሚሳካላቸው በልምዳቸው ተመሥርተው የጠበቁት ብዙ ክብደት ቀነሱ፤ የተሳካላቸው መስሎ በሚታያቸው ጣፋጭ ሕልም የኖሩት ግን የቀነሱት ያነሰ ነበር። ውጤቱ ተስፋንና ምኞትን ለይቶ ያሳያል። ተስፋ ያለውን እንቅፋት አይቶ ይነሣል፤ ምኞት ግን ያልተያዘውን እንደ ተያዘ ቆጥሮ ይተኛል።

ኩዊምቢ ከሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ያገኘው እውነት ዛሬም አልተሻረም። ፍርሃት የሰውን አካል ያደክማል፤ መደመጥና መጽናናት ያበረታል። መምህር ተማሪውን «ትችላለህ» ሲለው፣ ከያኒም ለሕዝቡ የነገን ቀን ሥሎ ሲያሳየው በዚህ እውነት ይጠቀማሉ። የመንፈስ ዕድገት ነኝ የሚል ትምህርት ግን የሚመዘነው ለተሳካለት ሰው በሚሰጠው ምስጋና ሳይሆን ላልተሳካለት በሚናገረው ቃል ነው። ልጅዋ ለሞተባት እናት፣ አዝመራው በድርቅ ለጠፋበት ገበሬ፣ ፋብሪካው ለተዘጋበት ወዛደር «በሐሳብህ ያመጣኸው ነው» የሚል ትምህርት የተጎዳውን ሰው ዳግመኛ ይጎዳዋል፤ ያልተጎዳውንም ከወንድሙ ይለየዋል። እድር ሐዘንተኛውን ምን ታስብ ነበር ብሎ ሳይጠይቅ ድንኳኑን ይተክላል። ነፍስ በእርግጥ ማደጓ የሚታወቀውም ምኞቷ ሲፈጸምላት ሳይሆን የሌላው ጉዳት ሲሰማት ነው።