ሞተ የተባለው ሮክ፦ ከፕሮግረሲቭ ባንዶች ታላቁ የቱ ነው?

ሙግቱ የተጀመረው እንደ አብዛኞቹ ሙግቶቻችን ማኪያቶ ላይ ነው። «ከፕሮግረሲቭ ሮክ ባንዶች ሁሉ ታላቁ የቱ ነው?» የሚል ጥያቄ አንዳችን ጣል አደረገ፤ ሌሎቻችን እንደ ርስት ጉዳይ ተነሳንበት። አንዱ «ፒንክ ፍሎይድ! አለቀ» አለ። ሌላው «ፒንክ ፍሎይድ ደግሞ መቼ ፕሮግረሲቭ ሆኖ ያውቃል?» ብሎ አፈጠጠ። አንዷ «የስ» የተባለውን ባንድ ይዛ ድርቅ አለች፤ አንዱ ስለ ጀነሲስ መማል ጀመረ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ሂሳብ ከፍለን እስክንወጣ ማንም ከያዘው ንቅንቅ አላለም። መንገድ ላይ ግን አንድ ነገር ገባን። አራታችንም «ታላቅ» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ አንዴም አልተናገርንም። ይህ ጽሑፍ ያንን ዕዳ ለመክፈል የተጻፈ ነው። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ወደ እኛው አቆጣጠር ስንሻገር እንናገራለን።)

ነገሩ ከየት መጣ?

እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ ሮክ ማለት ባመዛኙ የሦስት ደቂቃ ዘፈን ነበር። ሬዲዮው የሚፈልገው እሱን ነው፤ ትንሿ ሸክላም የምትችለው እሱኑ ነው። በ1967 ግን ቢትልሶች «ሳርጀንት ፔፐርስ»ን አወጡ፤ በዚያው ዓመት ሙዲ ብሉዝ የተባሉት የበርሚንግሃም ልጆች ከኦርኬስትራ ጋር አንድ ሙሉ ቀንን፣ ከንጋት እስከ ሌሊት፣ የሚተርክ አልበም ይዘው መጡ። ያኔ ነው ትልቁ ሸክላ የዘፈኖች ማጠራቀሚያ መሆኑ ቀርቶ ራሱን የቻለ ሥራ መሆን የጀመረው። የአንዱ ፊት ሃያ ደቂቃ ገደማ ይይዛል። ወጣቶቹ ሙዚቀኞች «ታዲያ ሃያውን ደቂቃ ለምን በአንድ ዘፈን አንሞላውም?» ብለው ጠየቁ።

ጥያቄው ድፍረት ብቻ አልነበረም፤ የሚሸከመውም ነገር ነበር። በእንግሊዝ የዩኒቨርሲቲ አዳራሾች ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ ተማሪ ነበር። በአሜሪካ ረጃጅም ሥራዎችን ሳይቆርጡ የሚያጫውቱ የኤፍ ኤም ጣቢያዎች ተከፍተው ነበር። ሙዚቀኞቹም አንዱ ከቤተ ክርስቲያን መዘምራን፣ አንዱ ከጃዝ ቤት፣ አንዱ ከክላሲካል ፒያኖ ትምህርት የመጡ ነበሩ። በአራት የሚቆጠረውን ምት በአምስትና በሰባት መቁጠር ጀመሩ። ሜሎትሮን የሚባል ኪቦርድም ነበራቸው። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር የተቀዳ ድምፅ ያለበት የቴፕ ክር ተዘርግቷል፤ ቁልፉን ሲጫኑት የቫዮሊን ወይም የመዘምራን ድምፅ ይወጣል፤ ስምንት ሰከንድ ገደማ ሲሞላ ክሩ ያልቅና ጸጥ ይላል። የዚያ ዘመን «ግዙፍ ኦርኬስትራ» ብዙ ጊዜ ይኸው የሚንገጫገጭ ሳጥን ነበር።

በሩን የከፈተው

ኪንግ ክሪምሰን ልምምድ የጀመረው በጥር 1969 ነው። ስድስት ወር ሳይሞላው፣ ሐምሌ 5፣ በለንደኑ ሃይድ ፓርክ ከሮሊንግ ስቶንስ ቀድሞ በመቶ ሺዎች ፊት ቆመ። በጥቅምት የመጀመሪያ አልበሙ «ኢን ዘ ኮርት ኦቭ ዘ ክሪምሰን ኪንግ» ወጣ። ሽፋኑ ላይ በድንጋጤ የሚጮህ ፊት አለ፤ ሥዕሉን የሠራው ባሪ ጎድበር በማግስቱ ዓመት በ24 ዓመቱ አረፈ። የዘውጉ ጓዝ ሁሉ፣ የሳክስፎኑ ጩኸት፣ ሜሎትሮኑ፣ የጃዝ ፍጥነቱ፣ የጨለመው ግጥም፣ በአንድ ሸክላ ተጠቃሎ የተገኘው እዚህ ላይ ነው።

ችግሩ ባንዱ ዓመት እንኳን አልቆየም። በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ አሜሪካ ጉዞ ላይ እያሉ፣ ኢያን ማክዶናልድና ማይክል ጋይልስ ለመልቀቅ ወሰኑ። ድምፃዊው ግሬግ ሌክም በ1970 ሄዶ ከኪት ኤመርሰንና ከካርል ፓልመር ጋር ሌላ ባንድ አቆመ። የቀረው ጊታሪስቱ ሮበርት ፍሪፕ ነበር። እሱም ሰው እየቀየረ፣ ድምፅ እየቀየረ፣ አንዴ የሠራውን ላለመድገም እየማለ ቀጠለ። በ1974 «ሬድ» የተባለው አልበም ሊወጣ ሲል ባንዱን ራሱ በተነው። በ1981 መልሶ ሲሰበስበው የድሮውን ሙዚቃ ይዞ የሚጠብቀው ሰው ፈጽሞ ሌላ ነገር ሰማ።

የስ እና ጀነሲስ

የስን የመሠረቱት ጆን አንደርሰንና ክሪስ ስኳየር በ1968 ነው። አንደርሰን ከሰሜን እንግሊዝ ከአክሪንግተን የመጣ፣ እርሻ ላይ የሠራና ወተት ያመላለሰ ሰው ነው፤ ስኳየር በልጅነቱ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ነበር። «ፕሮግረሲቭ የሀብታም ልጆች ጨዋታ ነው» ለሚሉ ይህን ማስታወስ ደግ ነው። በ1972 ያወጡት «ክሎዝ ቱ ዘ ኤጅ» የሸክላውን አንድ ፊት በሙሉ በአንድ ሥራ ይሞላል። ቁርጥራጮቹ በተለያየ ጊዜ ተቀድተው፣ ቴፑ በምላጭ እየተቆረጠ የተገጣጠመ ነው፤ ሲሰሙት ግን አንድ ትንፋሽ ነው። ሙዚቃው ከመናናቱ የተነሳ ድራመሩ ቢል ብሩፎርድ «ከዚህ በላይ ምን ይሠራል?» ያለ ይመስል፣ ቀረጻው እንዳለቀ ባንዱን ትቶ ወደ ኪንግ ክሪምሰን ሄደ።

ቀጥሎ የመጣው ግን ሲያልቅ አያምር የሚያሰኝ ነበር። በ1973 መጨረሻ በሁለት ሸክላ አራት ሥራ ብቻ የያዘ አልበም አወጡ። በእንግሊዝ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ፤ ኪቦርዲስቱ ሪክ ዌክማን ግን ጠላው። ራሱ ደጋግሞ እንደሚያወራው ማንቸስተር ላይ ኮንሰርቱ እየተካሄደ መድረክ ላይ የሕንድ ምግብ በልቷል። በ1974 ለቀቀ። በ1975 ደግሞ የንጉሥ አርተርን ታሪክ ለንደን ውስጥ ከበረዶ ሸርታቴ ተወዛዋዦች ጋር አቅርቦ ገንዘቡን በተነ።

ጀነሲስ በእርግጥ የሀብታም ልጆች ናቸው፤ ቻርተርሃውስ በተባለው ውድ አዳሪ ትምህርት ቤት በ1967 የተመሠረቱ። ፒተር ገብርኤል በ1972 ደብሊን ላይ፣ ለጓደኞቹ ሳይናገር፣ የሚስቱን ቀይ ቀሚስና የቀበሮ ጭንቅላት አጥልቆ መድረክ ወጣ። ተመልካቹ ክው አለ፤ የጋዜጦች ፎቶም ባንዱን አገነነው። ቁም ነገሩ ግን ቀሚሱ አይደለም። በዚያው ዓመት የወጣው ሃያ ሦስት ደቂቃ የሚረዝመው «ሰፐርስ ሬዲ» ከአንድ ቤት ሳሎን ተነስቶ እስከ ዮሐንስ ራእይ ይጓዛል። ገብርኤል በ1975 መልቀቁ ሲታወቅ ጋዜጦቹ ባንዱን ቀበሩት። ጓደኞቹ ድምፃዊ ሲፈትኑ ከርመው በመጨረሻ ከበሮ መቺያቸውን ፊል ኮሊንስን አስነሡት። ሌላው የሚታወቅ ነው።

የቀሩት ተወዳዳሪዎች

ኤመርሰን፣ ሌክ ኤንድ ፓልመር በ1970 በአይል ኦቭ ዋይት ፌስቲቫል መድፍ እየተኮሱ የመጡ ናቸው። ኤመርሰን ኦርጋኑን በጩቤ ይወጋዋል፤ በማግስቱ የሩሲያዊውን የሙሶርግስኪን ሥራ ለሮክ ታዳሚ ይጫወትለታል። በ1977 ሙሉ ኦርኬስትራ ጭነው አሜሪካን ሊዞሩ ወጡ፤ ደመወዙና ጓዙ አልቻል ሲል ኦርኬስትራውን ጉዞ ላይ አሰናበቱት።

ጄትሮ ታል በ1971 «አኳላንግ»ን ሲያወጣ ጸሐፍት «አንድ ሐሳብ ያለው አልበም ነው» አሉ። መሪው ኢያን አንደርሰን «አይደለም» ቢል የሚሰማው አጣ። በማግስቱ ዓመት ከዳር እስከ ዳር አንድ ዘፈን ብቻ የሆነ አልበም ሠርቶ፣ ሽፋኑን አስቂኝ የገጠር ጋዜጣ አድርጎ አወጣ። ቀልዱ አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ሆነ።

ፒንክ ፍሎይድስ? በ1973 የወጣው «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦቭ ዘ ሙን» እስከ 1988 ድረስ 741 ሳምንት በአሜሪካ ሰንጠረዥ ላይ ሰነበተ። ስለ ጊዜ፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ እብደትና ስለ ሞት የሚናገር አልበም በዚህ መጠን መሸጡ በራሱ መልስ ነው ይላል ጓደኛችን። ተቃዋሚው ደግሞ ፍሎይዶች እንደነ የስ ጣታቸውን አያሯሩጡም፣ ምቱንም አያወሳስቡም ይላል። እኛ ግን ሙሉ አልበምን እንደ አንድ ሥራ ማሰብ የዘውጉ ልብ ከሆነ ፍሎይድን ከቤቱ ማስወጣት አይቻልም ብለን ወስነናል።

ከእንግሊዝ ውጭም ዓለም ነበረ። ጣሊያን ቫን ደር ግራፍ ጀኔሬተርን ከገዛ አገሩ አስበልጣ አከበረች፤ የራሷንም ባንዶች አፈራች። በፈረንሳይ ማግማ የተባለው ባንድ የሚዘፍንበትን ቋንቋ ሳይቀር ራሱ ፈጠረ።

ሁለቱ ሰባ ሰባቶች

የተለመደው ታሪክ ሲያልቅ እንዲህ ነው፦ በ1977 ፓንክ መጣ፣ ሦስት ኮርድ ይዞ እነዚህን ጉረኞች ጠራርጎ ቀበረ። ታሪኩ ጥሩ ነው፤ ችግሩ መረጃው አይደግፈውም። በዚያው በ1977 የየስ አዲስ አልበም በእንግሊዝ አንደኛ ነበር። የሴክስ ፒስቶልሱ ጆን ላይደን ፒንክ ፍሎይድን እጠላለሁ የሚል ቲሸርት ለብሶ ታዋቂ ሆነ፤ በዚያው ዓመት ለንደን ውስጥ ሬዲዮ ላይ የሚወዳቸውን ሸክላዎች አምጣ ሲባል ግን የቫን ደር ግራፉን የፒተር ሃሚልን ሥራ ይዞ ሄደ። ቀባሪው ሟቹን ቤቱ ይሰማው ነበር ማለት ነው። ዘውጉን ያደከመው ከውጭ የመጣ ጠላት ብቻ አልነበረም፤ የበረዶው መድረክና የኦርኬስትራው ጓዝም ድርሻ አላቸው።

እኛ አገር ግን «ሰባ ሰባት» ሲባል ፓንክ ትዝ የሚለው የለም። የኛ ሰባ ሰባት ድርቁ ነው፣ ረሃቡ ነው። ለንደን ላይ ስለዚያ ረሃብ ዘፈን የተቀዳው ኅዳር 16 ቀን 1977 በኛ አቆጣጠር፣ ማለትም በኖቬምበር 25 ቀን 1984 ነው። አስተባባሪው ቦብ ጌልዶፍ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በፒንክ ፍሎይድ «ዘ ዎል» ፊልም ላይ ዋናውን ገጸ ባሕርይ የተጫወተ ሰው ነው። ስቱዲዮውን በነጻ የሰጠው ትሬቨር ሆርን በ1980 የየስ ድምፃዊ የነበረ ነው። ከበሮውን የመታው የጀነሲሱ ፊል ኮሊንስ ነው። ሕንጻው ራሱ ጄትሮ ታል «አኳላንግ»ን፣ ጀነሲስም «ሴሊንግ ኢንግላንድ ባይ ዘ ፓውንድ»ን የቀዱበት ቤት ነበር። ዘፈኑ ገናን ከብዙዎቹ ቀድማ ማክበር የጀመረችውን አገር «ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ?» ብሎ መጠየቁ እስከ ዛሬ ያናድደናል፤ ብናናደድም መብታችን ነው። ግን በእንግሊዞቹ ሰባ ሰባት ሞቱ የተባሉት ሰዎች በኛው ሰባ ሰባት ሥራ ላይ ነበሩ።

ይህን የምናነሳው ለመገጣጠሙ ብቻ አይደለም። አዲስ ትውልድ ሲመጣ የቀደመውን ጠቅልሎ «ቆሻሻ» ማለት ይወዳል። እኛም ወጣቶች ነን፤ ፈተናውን እናውቀዋለን። ያለፈውን በጅምላ ቀብሮ መነሳት ይቀላል፤ ከረዘመው ውስጥ የሚረባውን ለይቶ ማዳመጥ ጊዜ ይፈልጋል።

ፍርዱ

እንግዲህ መስፈርታችንን እንናገር። ታላቅነት በጆሮ ብዛት ከሆነ ፒንክ ፍሎይድ ነው፤ ክርክር የለም። አንድ እንከን የለሽ ሥራ ከሆነ የየስን «ክሎዝ ቱ ዘ ኤጅ» የሚያህል አላገኘንም። በመሪ መለየት አለመሞት ከሆነ ጀነሲስ ነው። እኛ ግን የመረጥነው ሌላ ሚዛን ነው፦ ለሌሎች በር ከፍቶ፣ ራሱ ግን በከፈተው ክፍል ውስጥ ተደላድሎ ያልተቀመጠ የቱ ነው? በዚህ ሚዛን ኪንግ ክሪምሰን ይበልጣል። ሌክን ለኤመርሰን የሰጠ፣ ብሩፎርድን ከየስ የወሰደ፣ ስሙ ሲገን ራሱን ያፈረሰ ባንድ ነው። «ፕሮግረሲቭ» ማለት ወደፊት የሚሄድ ማለት ከሆነ ቃሉን እንደ ማዕረግ ሳይሆን እንደ ሥራ የወሰደው እሱ ነው።

የልዩነት ሐሳብም በመዝገብ ይያዝልን። ከመካከላችን አንዱ «በአንድ ሰው ፈቃድ የሚፈርስና የሚሠራ ነገር ባንድ አይባልም፤ ባንድ ማለት ድምፃዊው ሲሄድ ከበሮ መቺው ተነስቶ የሚዘፍንበት ነው» ብሎ ከጀነሲስ ጋር ቆሟል። ነጥቡ ከባድ ነው፤ አልመለስንለትም። የሚቀጥለውን ማኪያቶ እሱ ይጋብዘን።