የባላገር ምርጫ በግዛቱና በመላው አገር

የከተማ ሰው በባላገር ላይ ሲፈርድ ይቸኩላል። ባላገሩ ዛሬ አንዱን ወገን፤ ነገም ተቃራኒውን የመረጠ እንደ ሆነ ወላዋይ ነው፤ የሚያደርገውንም አያውቅም ይለዋል። ታሪክን አስተውሎ ለሚመረምር ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ለዚህም በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ውስጥ ያለችው የኬንታኪ ግዛት ምስክር ትሆናለች።

በግዛቲቱ ምሥራቅ ኤልየት የምትባል ትንሽ የገጠር ወረዳ አለች። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1869 ዓመተ ምሕረት ከተቋቋመች ጀምሮ እስከ 2012 ድረስ በፕሬዚዳንት ምርጫ ሁሉ ድምፅዋን ለዲሞክራቶች ወገን ስትሰጥ ኖረች። በ2016 ግን ከ100 መራጭ 70 ያህሉ የሪፐብሊካኖችን ተመራጭ ዶናልድ ትራምፕን መረጠ። በ2019 የግዛቱ አገረ ገዥ ሲመረጥ ያችው ወረዳ ተመልሳ ለዲሞክራቱ ለአንዲ ቤሺር ድምፅዋን ሰጠች፤ እርሳቸውም በመላው ግዛት በ5000 ድምፅ ያህል ብልጫ አሸነፉ። በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ኬንታኪ ከ100 ድምፅ 62ቱን ለትራምፕ ሰጠች።

የዚህስ ምክንያቱ ምንድር ነው? ሁለቱ ምርጫዎች ለባላገሩ የሚያቀርቡለት ጥያቄ የተለያየ ስለ ሆነ ነው። በፕሬዚዳንት ምርጫ የሚያከራክረው ስለ ድንጋይ ከሰል፤ ስለ ጦር መሣሪያ፤ ስለ ፅንስ ማስወረድና ስለ መጻተኞች የሚወጣው ሕግ ነው። በዚህ ጊዜ ባላገሩ «ኑሮዬንና ልማዴን የሚያከብርልኝ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የአገረ ገዥ ሥራ ግን መንገድ፤ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት ነው። በ2015 የተመረጡት አገረ ገዥ ማት ቤቪን በጡረታ ገንዘብ ምክንያት ከመምህራን ጋራ ተጣሉ፤ በ2014 ለድኾች በተስፋፋው የሕክምና እርዳታም ላይ የሥራ ግዴታ ሊጨምሩበት አሰቡ። በገጠር መምህሩ የሁሉ ጎረቤት ወይም ዘመድ ነውና ጠቡ በየቤቱ ገባ። ደግሞም ኬንታኪ አገረ ገዥዋን የምትመርጠው ፕሬዚዳንት በማይመረጥበት ዓመት ስለ ሆነ፤ የዋሽንግቶን ክርክር የቅርቡን ጉዳይ ፈጽሞ አይሸፍነውም።

በሐምሌ 2022 በዚያው በምሥራቅ ኬንታኪ ታላቅ ጎርፍ ተነሥቶ ከ40 የሚበልጡ ሰዎችን ገደለ። ሌቸርና ፔሪ የሚባሉት ጎርፉ ያጠፋቸው ወረዳዎች በ2020 ከ100 ድምፅ ከ75 የሚበልጠውን ለትራምፕ የሰጡ ነበሩ፤ በ2023 ግን ቤሺርን መረጡ። በመከራቸው ቀን የመጣውን ሰው አልረሱም።

ይሁን እንጂ ይህ ፍቅር ከቤት ርቆ አይሄድም። በጎረቤቲቱ በቴነሲ ፊል ብሬደሰን በ2006 ለሁለተኛ ጊዜ አገረ ገዥ ሲመረጡ የግዛቱን 95 ወረዳዎች በሙሉ አሸንፈው ነበር። በ2018 ለመላው አገር የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባልነት በቀረቡ ጊዜ ግን ገጠሩ ተለያቸው፤ ተሸነፉም። ሰውዬው ያው ናቸው፤ መንበሩ ግን ሌላ ነው።

ስለዚህ የባላገሩ ምርጫ የወላዋይነት ምልክት አይደለም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል፤ ባላገሩም ጎረቤቱን በሥራው፤ ሩቁን ሰው በወገኑ ይመዝናል። ሊመራው የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ በየትኛው ሚዛን ላይ እንደ ቆመ ይወቅ።